የአውሮፓ ጎንደር

ዐሥራ ሁለት ዓመት ከፋሲል ግንብ በር፣
የነገሥታት ዘመን በጣቴ ስቆጥር፣
«ይህ የአባትየው ነው፣ ያ ደግሞ የልጁ» እያልኩ ስናገር፣
ጓዙን ባንድ ከረጢት ያዘለ ፈረንጅ
ላቡን እየጠረገ ያስተውላል ያን ደጅ፤
ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይሄማ» ይለኛል፣
«ይሄማ ቁርጥ ያገሬን ግንብ ይመስለኛል።»
እኔም እሺ እላለሁ። ምን ላድርግ? አላየሁ።
አምና ተራው ዞረ፤ እኔው ልየው አልሁ።

ቪዛው ሃያ ሁለት ቀን፤ ገንዘቡ ከቲፕ የተረፈልኝ፤
ሻንጣው የቢያድግልኝ፣
ዚፑ እንቢ ቢለው በሲባጎ አስሮልኝ፤
«ሰው አገር ብቻህን?» ብሎ እያዘነልኝ።
ካዘዞ ተነሣሁ። ደመናው ሲከፈት
የክብሪት ቀፎ አከለ ያ ሁሉ ቤተ መንግሥት።

ፕራግ ደረስኩ በሌሊት። ጧት ከጭጋግ መሐል
ኮረብታው አናት ላይ አንድ ግንብ ቆሟል።
ድልድዩ ግራና ቀኝ የድንጋይ ጻድቃን፣
እርግብ ሰፍሮባቸው ይቆጥራሉ ቀን።
አስጎብኚዋ ልጅ ጃንጥላዋን ሰቅላ
ዘመን ትደረድራለች፣ ሳትተነፍስ፣ ቸኩላ።
አወቅኋት፤ እኔ ናት። ያው ጥናት፣ ያው ስልት፣
ያው ከቀልዱ በፊት ለአፍታ ዝም ማለት።
እኔም ሳላስበው እጄን አውጥቼ፣
«ይሄማ» አልኳት፣ በኩራት በርትቼ፣
«ይሄማ ቁርጥ ጎንደር! የአውሮፓ ጎንደር!»
ፈገግ አለችልኝ፣
ዐሥራ ሁለት ዓመት እኔ እንዳልኩት፦ እሺ፣ ይሁን፣ ይኑር።

ሙኒክ ጣቢያ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል
ፖሊሱ እኔን መርጦ «ወረቀት» ይለኛል።
ሁለቴ ገለጠው፤ ሦስቴ አየው ፊቴን፤
ከመጣሁ ጀምሮ እንደሱ አስተውሎ ያየኝ የለም፣ እውነቴን።

ቪየና ትራም ውስጥ፣ ባደግኩበት ወጉ፣
ለሁሉም እጅ ነሣሁ፤ ሁሉም ተሸሸጉ፤
አንዱ በጋዜጣው፣ አንዷ በስልኳ ሥር፤
ውሻ ብቻ ነበር በጭራው የሚያከብር።
እግዜር ይስጠው።

ሮም ላይ ከሽማግሌ አግዳሚ ተጋራን፤
«ከወዴት ነህ?» ቢለኝ ጠራሁለት ጎንደርን።
አላወቀም። ደግሞ በሚያውቀው ላስረዳው
«ከፒያሳ» ብለው ሳቅ ሊገድለው ነው።
«የቱ ፒያሳ፣ ልጄ? ሁሉም ፒያሳ ነው፤
አደባባይ ማለት’ኮ ነው!»
እኔ አንድ ብቻ ነበር የማውቀው፦
ፖስታ ቤቱ ያለበት፣ ባጃጅ የሚሰለፍበት፣
ቢያድግልኝ ጫማ ሲሰፋ የሚውልበት።
ያን ሌሊት ዐሥራ ሁለት አልጋ ካለበት ክፍል ተኛሁ፤
ዐሥራ አንድ ዓይነት ማንኮራፋት ሰማሁ፤
ሰው ግን አልነበረም «ደኅና እደር» የምለው።

ቬኒስ ላይ ለሽንት አንድ ዩሮ ከፈልኩ፤
በብራችን ባሰላው፣ ሽንቴን ልመልስ አልኩ።
እዚያው ስጠፋ ዋልኩ። መንገዱ ሁሉ ውሃ፣ ውሃው ሁሉ መስታወት፤
የፋሲል መዋኛ ያለ ጥምቀት፣ ያለ ታቦት፣
ሞልቶ የፈሰሰ መሰለኝ በውነት።

ጉልበቴ ያወቃት ሊዝበን ብቻ ናት፤
ዳገት፣ ድንጋይ ንጣፍ፣ ከየመስኮቱ ልብስ የተሰጣባት።
ማታ ዓሣ አዘዝኩ። ጠረጴዛው ጠባብ፣
ለአንድ ሰው የተለካ፣ ለአንድ ሰው ረኃብ።
ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ? ፈራሁ።
ከፊቴ ባለው ወንበር ሻንጣውን አኖርሁ፤
«ብላ እንጂ» አልኩት።
አስተናጋጁ ሰማኝ፤ ዐይኑን አሸሽቶ
ሒሳቤን አመጣው፣ ሳልጠራው፣ ቸኩሎ መጥቶ።

ተመለስኩ። ቢያድግልኝ ሲባጎውን ፈታ፣
«እና ምን አየህ?» አለኝ ያን ማታ።
ላወራ ያሰብኩት ስለ ግንቡ ነበር፤
ካፌ የወጣው ግን ያች ባዶ ወንበር።

ትናንት ከአንበሳው ቤት አጠገብ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣
አንዲት ልጅ ብቻዋን፣ ጫማዋን ፈትታ፤
ማሰሪያው ትከሻዋ ላይ ሰምበር አውጥቷል፤
ከንፈሯ ደርቋል።
የንጉሡን ስም፣ ዘመኑን፣ ልጀምርላት ስል
«ይሄማ» አለች፣ «ይሄማ...»
«አዎ፣ ይመስላል፤
አይቼዋለሁ» አልኳት።
«ምሳ ግን በልተሻል?»